ማንም ምንም አላለኝም ያለው ሰው

ጋሽ ደምሴ መሞቱን የሰማሁት በቴክስት ነው። ልጁ ሊዲያ፣ እዚሁ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገችው፣ «አንክል፣ ዳዲ ዛሬ ጠዋት አረፈ፤ ሶሪ» ብላ ጻፈችልኝ። ሱቄ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ የሻንጣ ዚፕ እየከፈትኩ እየዘጋሁ ጥንካሬውን አሳያት ነበር። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ በማለዳ በር ያንኳኳሉ፣ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ያኔ ባለቤቱ ሳይነገረው ያውቃል። ይህን ለልጅቷ ማን ያስተምራት? በዚህ ከተማ የመርዶ በር ለማንኳኳት መጀመሪያ የሚጠራው ሰው አባቷ ነበር። አንድ ሰሞን እንደዚያ ነበር ማለቴ ነው።

ደንበኛዋ «ምነው፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ሻንጣውን በጠራችው ዋጋ ሰጠኋት። በንግድ ዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብኝ የመጀመሪያው ነው።

እኔ ነጋዴ ነኝ። የተማርኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው፤ አስተማሪዎቼም ያታለሉኝ ሰዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር ወደ እኔ የተጠጋው ሴንት ፖል መጥቼ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ሱቅ ስከፍት ብቻ ነው። ሻንጣ፣ በርበሬ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ ሰው የጠየቀኝን ሁሉ እሸጣለሁ፤ የሌለኝን ደግሞ «ሐሙስ ይገባል» እላለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህን አንድ ቀን ለጋሽ ደምሴ በኩራት ነገርኩት። እዚህ ያደረሰኝ ጥርጣሬ ነው አልኩት።

«ጥርጣሬማ ርካሽ ዕቃ ነው» አለኝ። «የትም ሱቅ አይጠፋም።»

ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። አገር ቤት ሳለ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ስለነበር እንግሊዝኛው የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል፤ «ሰር» እና «ማዳም» አይለዩትም። እዚህ ከመጣ በኋላ በፎርት ስኔሊንግ በኩል፣ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ኤርፖርቱ ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሸትል ይነዳ ነበር። እንጀራው ያ ነው። ሙያው ግን ሽምግልና ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪክ ሲካካድ፣ ልጅ ትዳር ሲያስብ፣ «ጋሽ ደምሴን ጥሩ» ይባላል።

ለማስታረቅ ሲቀመጥ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከታል። «የማንኛችሁም ፊት እንዳያባብለኝ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ በአንድ ቫን የተነሳ የተካሰሱ ሁለት ሸሪኮችን ይዞ ሱቄ ጓሮ መጣ።

«አንተ የሱን ክስ ተናገር፤ አንተ ደግሞ የሱን» አላቸው።

«ጭራሽ ጠበቃው ልሁንለት?» አለ አንዱ።

«አዎ። በደንብ ካልተከራከርክለት አንተ ነህ የምትሸነፈው።»

ሰውየው እያላገጠ ጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። የባልንጀራው ሚስት ስትወልድ ቫኑን ይዞት የነበረው ራሱ መሆኑን ሲናገር አንገቱን ደፋ። የተስማሙት እዚያው፣ በርበሬ ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ ነው። እኔ ያተረፍኩት ማስነጠስ ብቻ ነው።

ሰው እንዲህ ከልቡ የሚያምን ሰው አይቼ አላውቅም። ሞኝ አልነበረም። የሞኝ እምነት ባለማወቅ ነው፤ የሱ እንደ ደንብ የያዘው ነገር ነበር።

አሁን ስለ ጄፍ ልናገር። ጄፍን የተዋወቀው ሸትሉ ላይ ነው። በየሳምንቱ የሚበር፣ ተረበኛ፣ ከሹፌር ጎን መቀመጥ የሚወድ ፈረንጅ ነበር። የጋሽ ደምሴ ሚስት እትዬ አልማዝ ስትሞት የሰፈሩ አሜሪካኖች ካርድ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ጥለው ሄዱ። ደንባቸው ነው፤ አልቀየምናቸውም። ጄፍ ግን መጣ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። በክንዱ አንድ ትሪ ሆትዲሽ ይዟል፤ ድንችና ሥጋ ከአይብ ጋር በምድጃ የሚጋገር የዚህ አገር ሰው የሐዘንም የደስታም ምግብ ነው። ከሽማግሌዎቹ ጋር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ የሚባለው ሳይገባው ከሰዓቱን ሙሉ ቆየ። ሆትዲሹን የቀመሰው የለም። ያልመረቀው ግን አልነበረም።

በዚያ ቀን እያስመሰለ ነበር ይሆን? እስከ ዛሬ አላውቅም። ከልቡ የመጣ ይመስለኛል። ነገሩን የከፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ጄፍ የሚሠራው የጽዳት ፍራንቻይዝ ለሚሸጥ አንድ ኩባንያ ነበር። ፍራንቻይዝ ማለት፣ ለማያውቅ ልንገር፣ የሰው ስምና የሰው አሠራር ገዝተህ በራስህ ጉልበት የምትሠራው ሥራ ነው። ኩባንያው ቢሮዎችን ያገኝልሃል፤ አንተ ታጸዳለህ፤ እሱ በየወሩ ይቆርጣል። አንዳንዱ ይሳካለታል። ጋሽ ደምሴ ሊገዛ እንዳሰበ ሲነግረኝ የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ነገሩ ይህን ያህል የሚጣፍጥ ከሆነ ጄፍ ለወንድሙ ለምን አልሸጠለትም?»

«ወንድም የለውም።»

«ጠይቀኸው ነው?»

«አጫውቶኛል። እህት ብቻ ናት ያለችው።»

«ለእህቱስ?»

«አንተን ጌታ ይማርህ» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምስጢሩን ነገረኝ። ጄፍ ከከተማው ዳር ያለችው ፕሊማውዝ ወስዶ ቢሮዎቹን ካሳየው በኋላ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ «ይህን እንድናገር አይፈቀድልኝም፤ ግን ጓደኛዬ ነህ» ብሎታል። የሚሰጡህ ቢሮዎች በቋሚነት ያንተ ናቸው፤ ማንም አይነጥቅህም። ዓመት ሳይሞላህ ራስህ መጥረጊያ መያዝ ትተህ ሠራተኛ እየተቆጣጠርክ ትኖራለህ። ከኔ የገዙት ሁሉ እንዲያ ነው የሆኑት። ከዚያም እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «እኔ አላልኩህም» ብሎ ጠቀሰው።

እኔ በምናለሽ ተራ ቋንቋ የተረጎምኩት ወዲያው ነው፤ «እኔ አላልኩህም» የሚል ሻጭ ዕቃውን ገልብጠህ እንድታይ አይፈልግም። ጋሽ ደምሴ የሰማው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው እንጀራውን አደጋ ላይ ጥሎ ለጓደኛው ምስጢር አካፈለ።

ወሬው ከቸርች ሰዎች ዘንድ ደረሰ። አራት ቤተሰብ «ጋሽ ደምሴ የገባበት እኛም እንገባለን» አለ። ከነሱ አንዷ ሙሉነሽ ናት፤ ባሏ ጥሏት ሦስት ልጆች የምታሳድግ፣ ኤርፖርት ውስጥ የረጋ ሥራ የነበራት ሴት። ቤቷን አስይዛ ተበደረች፤ ሥራዋንም ለቀቀች። ጄፍ የነገረውን ለሁሉም በአማርኛ ያስረዳው ጋሽ ደምሴ ነው። ጄፍ አጠገቡ ቆሞ ፈገግ ይል ነበር።

የፊርማው ቀን የሆነውን ያጫወተችኝ ሙሉነሽ ነች። ፕሊማውዝ፣ ምንጣፉ ድምፅ የማያሰማ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። ከብዙ ወረቀት መጨረሻ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ስለ ገቢህ ወይም ስለ ሥራው ውጤት የኩባንያው ሰው በቃል የነገረህ ነገር አለ? ይላል። ከሱ ሥር አዎ ወይም የለም ብለህ ትጽፋለህ። ጄፍ ቀና ብሎ ጋሽ ደምሴን አየው። አለቃው በር ላይ ቆሟል።

ጋሽ ደምሴ በአማርኛ፣ «ሰውየው በደግነት የነገረንን አለቆቹ ፊት አናውጣበት» አላቸው። «እንጀራው ነው። ማንም ምንም አላለኝም በሉ።»

«ግን እኮ ብሎናል፣ ጋሼ» አለች ሙሉነሽ።

«ብሎናል። ብሎን ባይሆንማ መሸፈን ለምን ያስፈልገን ነበር?»

አምስቱም «ኖ» ብለው ጻፉ። አንድ የዚህ አገር ሰው ያን ጥያቄ ሲያይ፣ ይህን የሚጠይቁኝ ለምንድን ነው ይላል። የኛ ሰው፣ እውነቱን ብጽፍ ማን ይጎዳል ይላል። ለቅሶህ ላይ ጫማውን አውልቆ የተቀመጠን ሰው በወረቀት አሳልፈህ አትሰጥም። በኛ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስም አለው፤ ወጪት ሰባሪ ይባላል።

የቀረውን መገመት አያቅትም። ቢሮዎቹ አንዱ ምሥራቅ አንዱ ምዕራብ ነው፤ ከጽዳቱ መንገዱ ይበዛል። አንድ ደንበኛ «መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ አለ» ባለ ቁጥር ኩባንያው ቢሮውን ይወስዳል፤ ሌላ ሰጥቶ እንደገና ያስከፍላል። የተወሰደው ቢሮ ለሌላ አዲስ ገዢ «በቋሚነት» ይሰጣል። ጄፍ ስልክ ማንሳት አቆመ፤ በኋላም ሌላ ስቴት ሄዶ ሌላ ነገር ይሸጣል ተባለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ደምሴ ወገቡን አሞት ላግዘው ፕሊማውዝ ሄድኩ። ቫክዩሙን እንደ ሕፃን አዝሎታል። በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ የሚያማምሩ ወንበሮች ተደርድረው እሱ ቆሞ ዳቦውን ይበላል።

«ቁጭ በል እንጂ» አልኩት።

«የሰው ወንበር ነው።» ዳቦውን ውጦ መስኮቱን በክንዱ ወለወለ። «ገባህ? ድሮ ብጠርግ ኖሮ ይከፈለኝ ነበር። አሁን ከፍዬ እጠርጋለሁ።»

ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ፣ «ሙሉነሽ ቤቷን ልትነጠቅ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልሳቅንም።

ጉዳዩን የስቴቱ መሥሪያ ቤት ያዘው፤ ሌሎች ገዢዎችም አቤት ብለው ኖሯል። ጋሽ ደምሴን ያነጋገረችው የመንግሥት ጠበቃ ትዕግሥት ያላት ሴት ነበረች፤ እኔም ከጎኑ ነበርኩ። ፍራንቻይዝ ሲሸጥ ገዢን የሚያሳስት ነገር መናገር በዚህ ስቴት ሕግ ክልክል ነው አለችን፤ በአፍም ቢሆን፣ በመኪና ውስጥም ቢሆን። ገዢው «ማንም ምንም አላለኝም» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው የሻጩን ውሸት አያጥበውም። ግን አንድ ሰው ቀርቦ የተባለውን መናገር አለበት። ጄፍ እንግሊዝኛውን የነገረው ለጋሽ ደምሴ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሰሙት የጋሽ ደምሴን አማርኛ ነው።

«ሲጠየቁ ታዲያ ለምን የለም ብለው ጻፉ?» አለችው።

«እስከ እሑድ ጊዜ ይስጡኝ፣ ማዳም» አላት።

መኪና ውስጥ እንደገባን ምክሬን ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ይህ ቀላል ነው። ጥያቄው አልገባኝም ነበር በል። ሐበሻ እንግሊዝኛ አልገባውም ቢባል ማን ይደነቃል?»

«ገብቶኛል እኮ።»

«እሱን አንተና ጌታ ብቻ ናችሁ የምታውቁት።»

«ጥያቄው ካልገባኝ የጄፍ ተስፋስ እንዴት ገባኝ? ሁለቱንም የሰማሁት በአንድ ጆሮ ነው። የኩባንያው ሰዎችም የሚሉት ይኸው ነው፤ ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይሰማም፣ ጄፍ ያላለውን ነው ያስወራው ይላሉ። ሙሉነሽ እዚያው ትቀራለች።»

ለካ አስቦበታል። እኔ ያወጣሁለት መውጫ ለሱ በር፣ ለአራቱ ቤተሰብ ግድግዳ ነበር።

«እሺ፣ እውነቱን ብትናገርስ ምን ትሆናለህ?»

የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ሽማግሌ ነኝ» አለ። «የሰው ቃል ሳመዛዝን ነው የኖርኩት። ዋሽቻለሁ፣ ሰውም አስዋሽቻለሁ ብዬ አደባባይ ከተናገርኩ ከእንግዲህ ማን ቁጭ ብለህ ዳኘን ይለኛል? አልማዝም ሞታለች። የቀረኝ እሱ ነው።»

«ጄፍስ?»

«እሱማ ለቅሶዬ ላይ መጥቷል። ወጪት ሰባሪ ልባል?»

«ጋሼ፣ በዚያች ሆትዲሽ አምስት ቤት ተበላ» አልኩት። አልሳቀም። የፈለግኩትም ሳቅ አልነበረም።

እቤት ስንደርስ ሊዲያ ነገሩን ሰማች። «ዳዲ፣ እውነቱን በላቸው፤ ዛትስ ኢት» አለች። ጋሽ ደምሴ ራሷን ዳሰሳት። እዚህ የተወለደ ልጅ እውነት ዋጋ እንዳላት አያውቅም፤ በነፃ የሚሰጧት ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር፤ የነገሩን መጨረሻ ለማወቅ ለሚቸኩል ሰው። ከወራት በኋላ የአራቱም ቤተሰብ ውል ፈረሰ፤ የሱም ፈረሰ። ከከፈሉትም አብዛኛው ተመለሰላቸው። ሙሉነሽ ቤቷ አልተነካም፤ ኤርፖርት ወደነበረ ሥራዋ ተመልሳለች። ጋሽ ደምሴም የፈራው አልቀረለትም። ማንም አልሰደበውም፤ ቢሰድቡት ይሻል ነበር። «አስተምሮ አስዋሻቸው አሉ» የሚል ወሬ ቸርቹ ደጃፍ ላይ ለአንድ ክረምት ቆየ። ከዚያ ስልኩ መደወል ተወ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሌላ ሰው ይጠራል። መርዶ ሲመጣ ሌላ ሰው በር ያንኳኳል። የልጄን ጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ እንዲጠይቅልኝ ስለምነው፣ «ቃሉ ያልተነካ ሰው ፈልግ፤ የልጁን ዕድል በኔ አታበላሽ» አለኝ። እንደ ነጋዴ ተከራከርኩት። እንደ ነጋዴ ተሸነፍኩ።

የመጨረሻ ዓመታቱን ከሱቄ ጓሮ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። መነጽሩን ሳያወልቅ። ደንበኛ ሲጨቃጨቀኝ ያዳምጥና ዝም ይላል። አንድ ቀን፣ «ትክክል ናት እኮ ሴትዮዋ» እንዲለኝ ፈልጌ ሆን ብዬ አንዷን አጭበረበርኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። ሆቴሉ አለ፣ ሸትሉ አለ፣ እትዬ አልማዝ አለች። ያ ቀን የለም። ከመቃብር ስመለስ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ያ ቀን ነው።

ሴንት ፖል ነው፤ ችሎቱ ተራ የስብሰባ ክፍል ይመስላል። የነዳሁለት እኔ ስለሆንኩ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሙሉነሽና ሌሎቹ ከጎኔ ናቸው። ጋሽ ደምሴ አስተርጓሚ ጠየቀ። የመንግሥት ጠበቃዋ እንግሊዝኛውን ታውቃለችና ግራ ገባት። እኔም ኮሪደሩ ላይ፣ «ምን ነካህ፣ አንተ እኮ ከነሱ ትሻላለህ» ብዬው ነበር።

«በእንግሊዝኛ ከተናገርኩት የዋሸው ሌላ ሰው ይመስለኛል» አለኝ።

የመጣችው አስተርጓሚ ወጣት ልጅ ነበረች፤ ሊዲያን የምታክል፣ ጫማዋ ድምፅ እንዳያሰማ የምትጠነቀቅ። «አባባ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ» አለችው ጎንበስ ብላ። ጋሽ ደምሴ፣ ጄፍ መኪና ውስጥ የነገረውን ሁሉ ቃል በቃል ተናገረ። ልጅቷ ጥሩ አድርጋ አስተረጎመች። ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ ተነሣ።

«ይህን ‹የለም› የሚል መልስ የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ጥያቄው ገብቶዎት ነበር?»

«በደንብ ገብቶኛል።»

«እንግዲያው እውነቱ የቱ ነው? ያን ቀን የጻፉት ወይስ ዛሬ የሚናገሩት?»

«ዛሬ የምናገረው ነው። ያን ቀን ዋሸሁ። እነዚህም ሰዎች እንዲዋሹ ያደረግኩ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አየችው። ሽበቱን፣ ኮቱን፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋጠሙትን እጆቹን አየች። አባቷ ቢሆንስ ብላ ይሆናል። ከዚያ ድምፅዋን አለሳልሳ በእንግሊዝኛ፣ ያን ቀን ተሳስቼ ነበር ይላሉ አለቻቸው። ጠበቃው አንገቱን ነቅንቆ መጻፍ ጀመረ። ከሙሉነሽ በኩል የተለቀቀ ትንፋሽ ሰማሁ። እኔም በልቤ ልጅቷን መረቅኳት። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ስሙ ሳይነካ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ወደ ልጅቷ ዞረ።

«የለም፣ የኔ ልጅ» አላት። «አዝነሽልኝ ነው፤ ጌታ ይባርክሽ። ተሳሳትኩ አላልኩም። ዋሸሁ ነው ያልኩት። እንደዚያው በይልኝ።»

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አለችላቸው። በእንግሊዝኛ አጭር ቃል ነው። ጋሽ ደምሴ ጠበቃው የጻፈውን እስኪሰርዝ፣ አዲሱንም ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ አዎ፣ አሁን ልክ ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ።